ኦሪጅናሉን ሞተር ማታ ማን ይነዳዋል?

ባለፈው ዓመት ክረምቱ ሲወጣ አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ድረስ መጥተው የአባቴን ሞተር አዩ። አሮጌ ሞተር ይሰበስባሉ። የአባቴ ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ የተሠራ፣ ባለ ሁለት ስትሮክ፣ ሲነሳ ሰፈሩን በሰማያዊ ጭስ የሚያጥን። ሰውየው ጎንበስ ብለው የነዳጅ ታንከሩን ደባበሱ፣ የሞተር ቁጥሩን በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ፣ ደስ አላቸው። ከዚያ ቁልፉን አዞርኩት። የፊት መብራቱ ሞተሩ ገና ሳይነሳ ቦግ ብሎ ነጭ በራ። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ።

«አንተ ልጅ፣ ምነው አበላሸኸው?» አሉኝ።

ምን እንዳበላሸሁ ገባኝ። ከ6 ቮልት ወደ 12 አሳድጌዋለሁ፣ የቻርጅ ሲስተሙን ቀይሬዋለሁ፣ አምፖሉን ኤልኢዲ አድርጌዋለሁ። በእሳቸው አነጋገር «ኦሪጅናልነቱን ገድዬዋለሁ»። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ሻይ ጠጥተን ተለያየን። ነገሩ ግን አልወጣልኝም። ይህንን የምጽፈው ለእሳቸው ብቻ አይደለም። አሮጌ ሞተር፣ አሮጌ ቮልስ፣ አሮጌ ማንኛውም ነገር ባየ ቁጥር «እንዳትነካው!» ለሚል ሰው ሁሉ ነው። በተለይ በእኔ ዕድሜ ሆኖ ፎቶ ለማንሳት ብቻ አሮጌ ሞተር ለሚወድ።

መጀመሪያ ቃሉን እንያዘው። ኦሪጅናል። መርካቶ ሄደህ ካንዴላ ስትገዛ «ኦሪጅናል ነው ወይ?» ብለህ ትጠይቃለህ። ምን ማለትህ ነው? ይሠራል ወይ፣ ነገ መንገድ ላይ አይጥለኝም ወይ ማለትህ ነው። አሪፍ ጥያቄ ነው። ሰብሳቢው ሲጠይቁ ግን ቃሉ ተገልብጦ ቁጭ ይላል፦ ይሥራም አይሥራም፣ ፋብሪካው ያን ቀን እንዳስወጣው ነው ወይ? አንዱ ቃል ለነጂ፣ አንዱ ለሙዚየም። ሁለቱን አምታትተን የሙዚየሙን መመዘኛ ማታ አስፋልት ላይ ለሚወጣ ሰው ስንሰጠው ነው ጉዳቱ የሚጀምረው።

ደግሞ እስቲ እውነቱን እንነጋገር። የአባቴ ሞተር ላይ ምኑ ነው ኦሪጅናል? ጎማው ስንት ጊዜ ተቀይሯል። ፒስተኑ ተቀይሯል። ካቴናው፣ የፍሬን ሸራው፣ የወንበሩ ቆዳ፣ ገመዶቹ ሁሉ ተቀይረዋል። ባትሪውንማ ቆጥረን አንጨርሰውም። ይህ ሁሉ ሲሆን ማንም «ተበላሸ» አላለም። ሽቦው ላይ ስንደርስ ነው ቅርስነት ትዝ የሚለን።

እሺ፣ ፋብሪካውስ ምን አስቦ ነበር? ያማሃ የመጀመሪያውን ዲቲ-1 እ.ኤ.አ. በ1968 ሲያወጣ ዓይኑ የአሜሪካ ገበያ ላይ ነበር። ቅዳሜና እሁድ ጫካና በረሃ ውስጥ ለመዝናናት ለሚወጣ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ ወደ ቤቱ ለሚመለስ ሰው የታሰበ ሞተር ነው። መብራቱ ሕጉን ለማሟላት ያህል የተንጠለጠለ ነበር ማለት ይቻላል። ቀላል ይሁን፣ ጭቃ ይቻል፣ ይዝለል፤ የተፈለገው ይህ ነው። ለዚያ ሰው ግሩም ሥራ ነው። ትናንሾቹ ዲቲዎችም የተወለዱት ከዚሁ ሐሳብ ነው።

አባቴ ግን ያ ሰው አይደለም። የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ሞተሩን መጀመሪያ የነዳው የመንግሥት ንብረት ሆኖ ነው፤ በኋላ በጨረታ ሲሸጥ ገዛው። ላም ስትወልድ ሰዓት አትመርጥም። ፀሐያችን ደግሞ ክረምት ከበጋ ብዙ አታመነታም፤ አመሻሽ ላይ ትገባለች፣ ምሽት 1 ሰዓት ሲል ጨለማ ነው። እንግዲህ ለካሊፎርኒያ የቅዳሜ ከሰዓት የተሠራ መብራት ይዞ ነው አባቴ ለሃያ ዓመት ከገጠር ቀበሌ ወደ ቤቱ በጨለማ የተመለሰው። ለዚህ ነገር ታማኝ ሁኑ ነው የምትሉን?

አሁን ወደ ሽቦው እንግባ፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ነውና።

የዚህ ዓይነት አሮጌ ትንሽ ሞተር ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከቮላኖው ነው። ቮላኖው ውስጥ ማግኔት አለ፤ ከሞተሩ ጋር አብሮ ሲዞር ከውስጡ ያሉትን ኮይሎች ያነቃል። አንዱ ኮይል ለካንዴላው እሳት ነው፤ እሱን ለጊዜው እንርሳው። ሌላው ለመብራት ነው። ከመብራቱ ኮይል የሚወጣው ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ በቀጥታ ወደ ፊት አምፖሉ ይሄዳል፤ መሀል ላይ ባትሪም የለም፣ ምንም የለም። ባትሪው ከፍሬቻ፣ ከክላክስና ከፍሬን መብራት ያለፈ ሥራ የለውም። ቻርጅ የሚደረገውም በአንዲት ዳዮድ ነው። ዳዮዷ ሞገዱን ግማሽ ታሳልፋለች፣ ግማሹን ትጥላለች። ብዙዎቹ ላይ ሬጉሌተር የሚባል ነገርም የለም፤ ትርፉን ባትሪውና አምፖሎቹ ይቻሉት ተብሎ የተተወ ነው። ለዚህ ነው የፊት አምፖሉ በተቃጠለ በደቂቃ ውስጥ የኋላውም ተከትሎ ቷ የሚለው፦ ሁለቱ ይካፈሉት የነበረው ኃይል በሙሉ በትንሿ ላይ ይወድቃል። «ሁለቱም አንድ ቀን መቃጠላቸው የሚገርም ነው» ሲሉ ስንት ሰው ሰምቻለሁ። አይገርምም፤ ሲስተሙ ነው።

ከሁሉም የከፋው ይህ ነው። ቮላኖው በፈጠነ መጠን መብራቱ ይደምቃል፣ በዘገየ መጠን ይደበዝዛል። አሁን ራስህን መንገድ ላይ አስበው። ከፊትህ የሆነ ጥቁር ነገር ያየህ መሰለህ። ምን ታደርጋለህ? ነዳጅ ትቀንሳለህ። ነዳጅ ስትቀንስ ሞተሩ ይዘገያል፣ መብራቱ ይከዳሃል። ልክ ማየት በሚያስፈልግህ ሰከንድ ላይ የሚጠፋ መብራት።

ወንድሜን የጣለው ይህ ነው። ኅዳር ላይ፣ ምሽት 1 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ከሻሸመኔ ወደ ሐዋሳ ሲመለስ። ከፊቱ የጭነት መኪና ነበር፤ መኪናው ሲዘገይ እሱም ዘገየ፣ ከዚያ መኪናው ወደ ግራ ታጠፈለትና መንገዱ ክፍት መሰለው። ክፍት አልነበረም። መንገዱ ዳር፣ ግማሹ አስፋልት ላይ፣ የቆመ ጋሪ ነበረ። ጋሪው መብራት የለውም፤ የወንድሜም ከሌለው አይሻልም ነበር። እግሩ ሁለት ቦታ ተሰበረ። አራት ወር ተኛ። ፈረሱ ምንም አልሆነም፤ ይህን ወንድሜ አሁንም እየሳቀ ያወራዋል፣ እኔ ግን እስካሁን አልስቅም።

አባዬ ሆስፒታል ሲመጣ የመጀመሪያ ንግግሩ «ሞተሩ ጥፋት የለበትም» የሚል ነበር። ልክ ነው፣ ሞተሩ ጥፋት የለበትም። ጥፋቱ እንደተሠራ ይቅር ያልነው የእኛ ነው።

ከዚያ በኋላ ቴስተር ገዝቼ መለካት ጀመርኩ። ሞተሩን በመካከለኛ ፍጥነት አስነስቼ ከኮይሉ መውጫ ላይ ስለካ 6.3 ቮልት አገኘሁ፤ አምፖሉ ሶኬት ላይ ስለካ 5። አንድ ነጥብ ሦስቱ መንገድ ላይ ቀርቷል፦ በዛገ ማያያዣ፣ በተበላ ማብሪያ፣ መካኒኮቹ ማሳ በሚሉት የሻሲ መመለሻ ላይ። «አንድ ቮልት ምን ይሠራል?» ትል ይሆናል። እዚህ ላይ ነው 6 ቮልት ጉዱ የሚወጣው።

አምፖሉ 25 ዋት ነው። በ6 ቮልት 25 ዋት ለማግኘት ከ4 አምፔር በላይ መፍሰስ አለበት። በ12 ቮልት ለዚያው 25 ዋት ወደ 2 አምፔር ይበቃል። ሽቦ ላይ የሚባክነው ቮልት ከአምፔሩ ጋር እኩል ይሄዳል። ስለዚህ ያው ዝገት፣ ያው ሽቦ፣ ያው ማብሪያ በ6 ቮልት ከአምስት አንድ እጁን ሲበላ፣ በ12 ቮልት የሚበላው 5 በመቶ ገደማ ነው። ደግሞ የፍላመንት አምፖል ብርሃን ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፤ በጣም ፈጥኖ ነው የሚወድቀው። ቮልቱ 20 በመቶ ሲጎድል ብርሃኑ ከግማሽ በታች ይሆናል። 25 ዋት አለኝ ብለህ የምትነዳው በአሥራ ምናምን ዋት ቢጫ ነው።

አንድ ማታ ግቢያችን በር ላይ ሞከርነው። ወንድሜ በክራንቹ ሆኖ፣ ጥቁር ጃኬት ለብሶ፣ መብራቱ ፊት ወደ ኋላ እየተራመደ። ሞተሩ በዝግታ እየሠራ 20 እርምጃ ሳይሞላ ጠፋብኝ። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚሄድ ሰው በአንድ ሰከንድ ወደ 17 ሜትር ይጓዛል። ገና ፍሬኑን ሳይዝ ማለት ነው።

ታዲያ ዓለም ይህን ያወቀው ትናንት አይደለም። የእንግሊዞቹ ትራያምፍ በ1960ዎቹ አጋማሽ ወደ 12 ቮልት አለፈ። እኛ እንደ ዘመድ የምንወደው ቮልስ ራሱ በ1960ዎቹ መጨረሻ ከ6 ወደ 12 ተሸጋገረ። ያማሃም በ1980ዎቹ ትናንሽ ሞተሮቹን ወደዚያው አመጣቸው። ፋብሪካው ራሱ «ይህ አይበቃም» ብሎ የተወውን ነገር እኛ «አይነካም» ብለን ስንጠብቅለት ከጳጳሱ በላይ ጾመኛ ሆነን አረፍነው።

ከሰብሳቢው ሌላ የምጣላው ወገን ደግሞ «ባትሪ ቀይር» ባዩ ነው። ፍሬቻው አልበራም? ባትሪ ቀይር። ክላክሱ ደከመ? ባትሪ ቀይር። አባቴ በዚህ ምክር ስንት ባትሪ እንደቀበረ እግዜር ይወቅ። በግማሽ ቻርጅ የሚኖር የአሲድ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ጠጣር ጨው ይጋገርበታል፣ በዓመቱ ይሞታል፤ አዲስ ባትሪ ስታስገባ አዲሱም በዚያው መንገድ ይሞታል። መለካት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። ሞተሩን አስነስተህ መካከለኛ ፍጥነት ላይ ያዘው፣ ቴስተሩን ባትሪው ላይ አድርግ። 12 ቮልት ሲስተም ከሆነ 14 አካባቢ ማየት አለብህ፣ 6 ከሆነ 7 አካባቢ። ሲነሳም ሳይነሳም ያው ቁጥር ከሆነ ባትሪህን አትስደበው፤ የሚያበላው አጥቶ ነው። ቁጥሩ ከ15 እያለፈ ከወጣ ደግሞ እየቀቀልከው ነው።

እኛ ያደረግነው ነገር ያን ያህል ጀግንነት አይደለም። ቮላኖውን በመንቀያው አወጣን። በመዶሻ አይደለም፤ በመዶሻ የተመታ ቮላኖ ማግኔቱ ይረገፋል። የካንዴላውን ኮይል አልነካነውም። የመብራቱ ኮይል አንዱ ጫፍ ማሳ ላይ የታሰረ ነው፤ እሱን ፈትተን ሁለተኛ ሽቦ አድርገን አወጣነው። አሁን ሁለቱም ጫፎች ነጻ ናቸው፤ ስለዚህ ሙሉውን ሞገድ የሚጠቀም ሬጉሌተር ሬክቲፋየር ማሰር ይቻላል። በአንዲቷ ዳዮድ ይጣል የነበረው ግማሽ ተመለሰ ማለት ነው።

«የ6 ቮልት ኮይል እንዴት 12 ይሰጣል?» ብሎ ሠፈር ያለ ኤሌክትሪሻን ሊያስረኝ ነበር። ኮይሉ ላይ 6 የሚል ቁጥር አልተወለደበትም። 6 ላይ ያቆመው የተጫነበት አምፖል ነው። ጭነቱን አንሳና ሞተሩን አፍጥነው፣ ከ12 አልፎ ሲሄድ በቴስተር ታየዋለህ። ሬጉሌተሩ ሥራው ትርፉን መግራት ነው። እርግጥ በጣም ዝግ ባለ ዙር ላይ ኮይሉ አይደርስም። ያንን ባትሪው ይሸፍነዋል፤ ድሮ መብራቱ ከባትሪ ጋር አይተዋወቅም ነበር፣ አሁን ከባትሪው ነው የሚበላው። ኮይልህ ከደከመ ደግሞ በቀጭን ሽቦ ብዙ ዙር አድርጎ የሚጠመጥምልህ ሰው አታጣም።

አንድ ነገር ግን ልንገራችሁ፤ እኔ ተሸውጄበታለሁና። ሱቅ ሄዳችሁ «ባለ አራት እግር ሬጉሌተር» ብትሉ የመጀመሪያውን ያነሱላችኋል። አራት እግር ያለው ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የብዙ ትናንሽ ሞተሮች ባለ አራት እግር አንዱ ጫፍ ማሳ ለሆነ ኮይል የተሠራ፣ ግማሹን ሞገድ ብቻ የሚጠቀም ነው። የሚያስፈልገው ሁለት የኮይል መግቢያ፣ አንድ ፖዘቲቭ፣ አንድ ኔጋቲቭ ያለው ነው። ሲሠራ ይግላል፤ ንፋስ የሚያገኝበት ቦታ እሰሩት እንጂ ወንበር ሥር አትቅበሩት።

ከዚያ ጭነቱን ቀነስን። ብዙ ሰው ማሳደግ ማለት የበለጠ ኃይል ማምረት ብቻ ይመስለዋል። የፊት መብራቱ 25 ዋት ይበላ የነበረው አሁን 10 አካባቢ ነው፣ የኋላው ደግሞ ኢምንት። በተረፈው ባትሪው ይጠግባል፣ ስልክም ቻርጅ ይደረጋል። ለኤልኢዲ ፍሬቻ የድሮው ብልጭታ ሰጪ አይሠራም፤ በሙቀት የሚሠራ ስለሆነ ትንሽ አምፔር አያነቃውም፣ ኤሌክትሮኒክ ይፈልጋል። ጠቅላላ ወጪው አባቴ በሁለት ዓመት ለባትሪ ከሚያወጣው ያንሳል።

እሺ፣ ሰብሳቢው ትክክል የሆኑበት ነገር አለ? አለ። ኦሪጅናሉን የሽቦ ጥምር ቆራርጦ በፕላስተር የሚጠቀልል ሰው ወንጀለኛ ነው። እኛ አንድ ሽቦ አልቆረጥንም፤ በድሮው ሶኬት ላይ የሚገባ አዲስ ጥምር ሠራን። የወጣው ዕቃ ሁሉ በፌስታል ታስሮ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል፦ ዳዮዷ፣ የ6 ቮልት ክላክሱ፣ አምፖሉ ጭምር። የተፈታውን የኮይል ጫፍ መልሶ ማሰር ደግሞ የካውያ ሥራ ነው። አንድ ቅዳሜ ይበቃል፣ ወደ 1970ዎቹ ትመለሳለህ።

ከኔ ወገን ነን የሚሉም አሉ፤ እነሱንም አልወዳቸውም። ፊት ለፊት አምስት የኤልኢዲ ዱላ ሰቅለው የመጪውን ዓይን የሚያጠፉ። ኤልኢዲ በአሮጌ አንጸባራቂ ውስጥ ስታስገባ ብርሃኑ የትም ይበተናል፤ መብራቷ ያለችበት ቦታ ድሮ ፍላመንቱ ከነበረበት ጋር መግጠም አለበት። እኛ ሦስት አምፖል ሞክረን ሁለቱን መልሰናል። ግድግዳ ፊት አምስት ሜትር ላይ አቁመን፣ ሰው ተቀምጦበት፣ ጨረሩ ወደ ታች እስኪያርፍ አስተካከልነው። አንተ አይተህ ሌላውን ካሳወርክ ያው ጋሪው ጋ ትደርሳላችሁ፣ ተራው ብቻ ነው የሚቀየረው።

ዋናው ጠቤ ግን እዚህ አይደለም። ሰብሳቢው ከሐዋሳ ወደ አዲስ አበባ የተመለሱት በመኪና ነው። ጥሩ መኪና፣ ጥሩ መብራት ያለው፣ በ12 ቮልት። እሳቸው ኦሪጅናሉን ሞተር እሁድ ጠዋት ይነዱታል፣ ያጥቡታል፣ ሸራ ያለብሱታል። አልፈርድባቸውም፣ ደስታ ነው። ኦሪጅናልነት ለማታ ሌላ መኪና ላለው ሰው ነው። ወንድሜ ሌላ የለውም። ከሻሸመኔ ዕቃ ይዞ የሚመለሰው በዚችው ነው። ለእሱ «እንዳትነካት» ማለት «ባታይም ግዴለም» ማለት ነው። ይህን ፊት ለፊቱ፣ እግሩን እያየ የሚለኝ ሰው አላገኘሁም።

ደግሞ ቅርስ ካላችሁ፣ እኛ አገር ውስጥ አሮጌ ነገር የሚኖረው ስለማይነካ ነው እንዴ? ሰማያዊና ነጭ ታክሲዎቹን አስቡ። ላዳው፣ ውይይቱ፣ ፔጆው፣ እነዚህን ያኖራቸው ጋራዥ ውስጥ የሆነ ሰው ከሌላ መኪና ዕቃ አምጥቶ፣ ሞርዶ፣ በይዶ፣ «ይገባል» ብሎ ያስገባው ነው። ያልተነካው የት እንዳለ ታውቃላችሁ፦ መንግሥት ግቢ ጀርባ፣ ሣር በቅሎበት፣ ጨረታ እየጠበቀ።

አባዬ መጀመሪያ ደስ አላለውም። ሥራውን ስንሠራ ሁለት ቀን ወደ ግቢው ጓሮ አልመጣም። በሦስተኛው ማታ መጣ፣ ሞተሩ ላይ ተቀመጠ፣ አስነሳው። ነዳጁን ሙሉ በሙሉ ለቀቀውና መብራቱን አየ። እንደገና ሰጠው፣ እንደገና ለቀቀው። መብራቱ አልተነቃነቀም። ወረደና ወደ ቤት ገባ፤ ምንም አላለም። በማግስቱ ቁልፉን ለወንድሜ ሰጠው፤ ከአደጋው በኋላ ለአንድ ዓመት ከኪሱ አውጥቶት አያውቅም ነበር።

ሰብሳቢው ሲሄዱ ስልካቸውን ትተውልኛል። «ወደ ነበረበት ከመለስከው ደውልልኝ፣ ዋጋ እንነጋገራለን» ብለውኛል። ፌስታሉ ቁም ሳጥን ላይ አለ። ፌስታሉን ከፈለጉ በነጻ እሰጣቸዋለሁ።